ሙዙ ሄደ፤ ምን ተመለሰ?



ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን የሚወስደውን ጐዳና ይዞ እስከ ላንቴ የሄደ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። አረንጓዴ ሙዝ በዘለላ በዘለላው ተከምሯል፤ አይሱዙዎች ኋላቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ጫኝ ይጮኻል፥ ደላላ ይቆጥራል፥ ገበሬው ዳር ቆሞ ይመለከታል። ጭነቱ ሲሞላ ወደ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ ይነሣል። ይህን ማየት ከመልመዳችን የተነሣ መጠየቅ ትተናል። እኛ ግን ዛሬ አንድ ተራ የገበያ ጥያቄ ልንጠይቅ ተነሥተናል። ሙዙ ሄደ፤ ምን ተመለሰ?

«ገንዘብ ተመለሰ» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ገንዘቡ ስንት እንደ ነበረና ስንቱ በደላላና በነጋዴ እጅ እንደ ቀረ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ ለሌላ እትም እናቆየዋለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ መሬቱ ነው። መሬት ብር አይበላም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም የተላጠ ሙዝ 3 ግራም ተኩል ያህል ፖታሲየም አለበት፤ ልጣጩም በዚሁ ማዕድን ባለጠጋ ነው። ስለዚህ 50 ኩንታል ሙዝ የጫነ አንድ መኪና ከ15 ኪሎ ግራም የማያንስ ፖታሲየም ከዓባያ ዳር አፈር ነቅሎ ይወስዳል ማለት ነው። የአንድ መኪና ነገር ሲሆን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው አንድ አይደለም፥ ቀኑም አንድ አይደለም፥ ዓመቱም አንድ አይደለም። በለውጡ ለገበሬው የሚደርሰው ምንድን ነው? ዩሪያ ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ሲሆን ፖታሲየም የሚባል ነገር የለበትም። ኤን ፒ ኤስ የተባለውም ስሙ እንደሚናገረው ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ድኝ ነው፤ ፖታሲየም አሁንም የለም። እንግዲህ ከአንዱ ጐተራ እየዛቅን ሌላውን ጐተራ እየሞላን «ማዳበሪያ ጨምረናል» እያልን ራሳችንን እናታልላለን።

«የስምጥ ሸለቆ አፈር በፖታሲየም ሀብታም ነው» የሚሉ መምህራን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአገራችንም ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጐድለውም ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ግን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ አፈር በየቦታው እየተመረመረ ካርታ ሲነሣለት የጐደላቸው ቦታዎች መኖራቸው ታወቀ። ሀብታም የሆነ ሰው ከሣጥኑ እያወጣ ብቻ ከኖረ፥ የሚያስገባም ከሌለው፥ ልጆቹ ምን እንደሚወርሱ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሙዙ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላስ? ሥጋው ይበላል፤ ልጣጩ ከአመድ፥ ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ወደ ቆሻሻ ክምር ይጣላል። የጋሞ ገበሬ አፈር እዚያ ተራራ ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተባለው የዚህ ዓይነቱ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በክምሩ ሥር ቤት የሠሩት ወደው አልነበረም፤ ከክምሩ ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩ ብዙዎች ነበሩባቸው። ከአንድ ወገን አፈር ይራቆታል፥ ከሌላ ወገን ድኻ በተረፈው ተቀብሮ ይሞታል። የአንዱ ጕድለትና የሌላው ብዛት አንድ ታሪክ መሆኑን እስካላየን ድረስ ማልቀሳችን ዋጋ የለውም።

ይህን ነገር በዘመኑ ቋንቋ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ይሉታል፤ የሚያስተዳድሩበትንም ዘዴ «የቁስ ፍሰት አስተዳደር» ይሉታል። ስሙ አያስፈራን። ትርጉሙ የባልትና ትርጉም ነው፤ ምን ገባ፥ ምን ወጣ፥ ምን ቀረ፥ የወጣው ተመልሶ እንዲገባ ምን ይደረግ ማለት ነው። እናቶቻችን በየማጀታቸው ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር እኛ በስብሰባ እንደ አዲስ ግኝት እንሰማዋለን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በዚሁ ርእስ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ነበር። አዘጋጁን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሁሉም ስብሰባ ያንኑ ይመስላልና። ስለ ፕላስቲክ ጉዳት ሦስት ንግግር ተደረገ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተደርድሮ ነበር። ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት ተጨመረ። ማንም አልሣቀም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንናገር። ይህች ከተማ ስሟ አርባ ምንጭ ነው። ከጫካው ሥር የሚፈልቀው ውሃ ለከተማዪቱ ስም ሰጥቷል፥ ሕዝቧንም አጠጥቷል። እኛ ግን በዚያው ምንጭ አጠገብ ተቀምጠን ከሌላ አገር በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ውሃ እንገዛለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ስለ እኛ የተነገረ ይመስላል። ባዶውን ጠርሙስ ሁላችን «ሃይላንድ» ብለን እንጠራዋለን፤ ቀድሞ የመጣው የአንድ ውሃ ስም ለሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ወደ ደቡብ በሚወስደው ጐዳና መኪና ሲያልፍ ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡት ለዚሁ ባዶ ጠርሙስ ነው። ሕፃኑ ጠርሙሱ ዘይት፥ ማርና ውሃ እንደሚይዝ ያውቃል። የሚጥለው የተማረው ነው፤ የሚያነሣው ያልተማረው ነው። ታዲያ ስለ ዑደት ማን ማንን ያስተምር?

ወደ ደጋው ወጥተን ደግሞ እንመልከት። ከጨንቻና ከዶርዜ አንሥቶ የጋሞ ደጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ኖሯል። እንሰት ምን ይጣልለታል? ቆጮውና ቡላው ይበላል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፥ ከብት ይበላዋል፥ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ከብቱ የበላውን በፍግ መልክ ይመልሳል፤ ፍጉ በቅርጫት ተዝቆ ተመልሶ ከቤቱ አጠገብ ባለው እንሰት ሥር ይፈሳል። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት እግሩ በምስጥ ሲበላ ቤቱ አይፈርስም፤ የተበላው ይቈረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፥ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ ለዘመናት ሊኖር የቻለው የወጣው ስለሚመለስ ነው እንጂ መሬቱ ስለ ሰፋ አይደለም።

ነገር ግን ይህን ስንል አያቶቻችንን ለማወደስ ብቻ እንዳልተነሣን ይታወቅልን። ያ ዑደት በሁለት ጫንቃ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬም ቆሟል። አንደኛው የሴት ጫንቃ ነው። ፍጉን በጀርባዋ ተሸክማ በዳገቱ የምትወጣው ማን ናት? ሁለተኛው የተናቀው ባለ እጅ ጫንቃ ነው። ሸክላውን የሚሠሩት ማና፥ ቆዳውን የሚያለፉትና ብረቱን የሚቀጠቅጡት ደጋላ እየተባሉ ከመሬትና ከጋብቻ ተለይተው ኖሩ። ከጭቃ ዕቃ፥ ከሞተ ከብት አጐዛ፥ ከተሰበረ ብረት ማረሻ የሚያወጣው ሰው ተናቀ፤ በዕቃው የሚጠቀመው ተከበረ። ዑደቱ እንዲመለስ የምንፈልግ ከሆነ ንቀቱን ይዘን አንመልሰው። በአዲሱ ከተማ ይህ ንቀት አልጠፋም፤ ስሙን ለውጦ ወደ ቆሻሻ ሰብሳቢው ዞሯል። ጋሪ የሚገፋው ወጣት በአጠገባችን ሲያልፍ አፍንጫችንን የምንይዘው በማን ሽታ ነው? በራሳችን ትናንትና ሽታ አይደለምን?

አንባቢ ሆይ፥ አርባ ምንጭ በዚህ ጉዳይ ጀማሪ አይደለችም። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ሮዛ የተባለ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተረዳ ፕሮጀክት በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ተካሂዶ ነበር፤ እነዚህም የኬንያዋ ናኩሩ፥ የኡጋንዳዋ ኪትጉም፥ የታንዛኒያዋ አሩሻና የእኛዋ አርባ ምንጭ ናቸው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በከተማው ትብብር ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ ደረቅ መጸዳጃዎች ተሠሩ፤ የወጣቶች ማኅበራት ቆሻሻ ሰበሰቡ፥ ኮምፖስት አዘጋጁ። በዚህ ከተማ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተው፥ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነውም ስለ ውሃና ስለ መሬት እንዲታሰብበት ነው። ስለዚህ «አናውቅም ነበር» ማለት አንችልም። ዕውቀቱ ተገኝቷል፤ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛም ታትሟል።

ጕድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ፕሮጀክት የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ቆሻሻ ግን የሚያልቅበት ቀን የለውም። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ጋሪ ገንዘቡ ሲቆም ይቆማል። ኮምፖስት የሚያዘጋጅ ወጣት የሚኖረው ኮምፖስቱን የሚገዛ ሲኖር ነው። ገዢው ደግሞ የሚመጣው ኮምፖስቱ መስታወትና ፌስታል የሌለበት ሲሆን ነው። መስታወትና ፌስታል የማይኖረው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከምንጩ ሲለይ ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በሰብሳቢው ጋሪ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዳችን ማጀት ውስጥ ነው። ኃላፊነቱን ግን ሁልጊዜ ለሰብሳቢው እንሰጠዋለን።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ።

አንደኛው ተቃዋሚ «ለዚህ ሁሉ ድካም ምን አስቸገረን? ቆሻሻውን አቃጥለን መብራት እናውጣበት» ይላል። አዲስ አበባ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ እንዲህ ያለ ጣቢያ አስመርቃለች፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። በከተሞቻችን ከሚጣለው ውስጥ ከግማሽ በላይ የምግብና የቅጠል ትራፊ መሆኑን ግን አንርሳ። እርጥብ ነገር አይነድም፤ ለማድረቅ ራሱ እሳት ይበላል። ናይትሮጅኑም በጭስ ይሄዳል። በአርባ ምንጭ ሙቀት እርጥብ ቆሻሻ በጥቂት ወራት ኮምፖስት ይሆናል፤ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ደመወዝ አትጠይቅም። አፈር ሊሆን የሚችለውን አመድ ማድረግ ብልሃት ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «የሰው ሽንት በእርሻ ላይ ማፍሰስ ነውር ነው፥ በሽታም ያመጣል» ይላል። የበሽታውን ጥያቄ አክብረን እንመልሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሽንት እንደ አጠቃቀሙ ከ1 እስከ 6 ወር ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በሥርዓት ለእርሻ ሊውል እንደሚችል፥ ዓይነ ምድር ግን በሞቃት አገር እንኳ ከ1 ዓመት በላይ መቆየት እንደሚገባው አስታውቋል። የሚያሰጋው ሳይለይና ሳይቆይ የሚፈሰው ነው፤ እርሱን ደግሞ ዛሬውኑ በየጕድባው እያፈሰስነው ነው። ጥቅሙን በቁጥር ያየን እንደ ሆነ አንድ ሰው እንደ አመጋገቡ በዓመት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን በሽንቱ ያስወግዳል። በአንድ 50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። እንግዲህ አሥር ሰው በዓመት አንድ ጆንያ ዩሪያ ያህል ይጥላል ማለት ነው። በአንድ ግቢ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ሲኖር ስንት ጆንያ እንደሚሆን እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ያስላ። ይህ ሁሉ ሲጣል አገራችን ዩሪያዋን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች፤ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረና ገበሬው ምን ያህል እንደ ተንገላታ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል። ነውር የሚለውን ቃል በዚህ ሒሳብ ላይ ደግመን እንመዝነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ «ሕግ ይውጣ፥ መንግሥት ይሥራው» ይላል። ሕጉማ ወጥቷል! የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቤተ ሰብ ሁሉ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለውን ቆሻሻ እንዲለይ፥ የጠርሙስና የቆርቆሮ አምራችና አስመጪ የሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚሰበስብበት ዘዴ እንዲያበጅ፥ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ያዝዝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቁጥቋጦው ላይ የተሰቀለው ፌስታል ምን ነበር ታዲያ? በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ደስ ብሎናል። ነገር ግን የመጀመሪያውን አዋጅ ያላነበበ ተማሪ፥ ያላስተማረ መምህር፥ ያላስፈጸመ ሹም ሁለተኛውን ምን ያደርገዋል? ደግሞም ቅጣቱ ከባለ ሱቁና ከጕልት ቸርቻሪዋ ተጀምሮ ፋብሪካው ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቀር ዓይናችንን ከፍተን እንጠብቃለን።

በአገራችን ያለ አዋጅ የሠራ ነገር ምን እንደ ነበረም እናስታውስ። ቢራና ለስላሳ የሚሸጠው ባዶውን ጠርሙስ ሳይቀበል ሙሉውን አይሰጥም፤ ባዶ የሌለው ማስያዣ ያስይዛል። በዚህ ምክንያት የቢራ ጠርሙስ በጐዳና ወድቆ አታዩም፤ ዋጋ አለውና። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ጫማና ብረት ይገዛል፤ ልዋጭ የምትለዋ ሴት በአሮጌ ልብስ ሳህን ትሰጣለች፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች የቁስ ፍሰት አስተዳደር የሚባለውን ትምህርት በእግራቸው የተማሩ ናቸው። ለጠርሙስ የተቻለው ለፕላስቲክ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ያልተቻለው ማስያዣውን እንዲከፍል የሚጠየቅ አምራች ስለ ጠፋ ብቻ ነው።

አራተኛው ተቃዋሚ ከሁሉ ይልቅ ብልህ ነው። «ከአዲስ አበባ ኮምፖስት በመኪና ጭናችሁ ልታመጡ ነውን? ነዳጁ ከኮምፖስቱ ይበልጣል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይህን አንክድም። ኮምፖስት ከባድና ርካሽ ስለሆነ 500 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ አይችልም። ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የአዲስ አበባ ልጣጭ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ጓሮ ይሁን። የአርባ ምንጭ ትራፊ ግን ወደ አርባ ምንጭ ዙሪያ እርሻ ይመለስ፤ ከሴቻና ከሲቀላ እስከ ሙዙ ማሳ ያለው መንገድ በጋሪና በባጃጅ የሚደረስ ነው። ሙዙ ይዞት ለሄደው ዕዳ ደግሞ የሙዙ ዋጋ ይክፈል። ከእያንዳንዱ መኪና ጭነት ጥቂት ሳንቲም ለአፈሩ ተቀንሶ በገበሬው ማኅበር እጅ ቢቀመጥ የጐደለው ማዕድን ይገዛበታል። የተቈረጠው የሙዝ ግንድና ቅጠልም ከማሳው ሳይወጣ እዚያው ይበስብስ። አዲስ አበባ ሙዙን ስትበላ የአፈሩንም ዋጋ ትክፈል እንጂ በነፃ አትብላው።

ይህ ሁሉ ቸል ሲባል ወዴት እንደሚፈስ ደግሞ እንይ። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ በከተማችን በኩል አልፎ ጫሞ ይገባል። ያላነሣነውን ሁሉ እርሱ ያነሣዋል። በእርሻ ላይ መዋል የነበረበት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በሐይቅ ውስጥ ሲገባ አረም ይቀልባል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ በዓባያም ታይቷል። እንግዲህ መሬቱ የተራበውን ሐይቁ ከልክ በላይ ይበላል፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ከአረም ውስጥ ይጐትታል። በጋሞ ባህል ሰው የተከለከለውን ሲጥስ «ጎሜ» ይባላል፤ ጎሜውም በጣሹ ላይ ብቻ ሳይቀር በቤተ ሰቡና በምድሩ ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። እኛ ሳይንስ ተምረናል፥ በጎሜ አናምንም ልንል እንችላለን። ነገር ግን ከመሬት ወስዶ አለመመለስ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘንለትም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ስለ ከተማው ስንጽፍ ስለ ራሳችን ብንዘል «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንባላለን። በየቀኑ ከሳህናችን ስንት እንጀራ እንጥላለን? በስብሰባችን ስንት ሃይላንድ እናስቀራለን? ስለ ቆሻሻ፥ ስለ ኮምፖስት፥ ስለ ኩልፎ ስንቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈን ውጤቱን ከተቀበልን በኋላ ረሳነው? ያን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ቤቷ ሄደን ጥያቄ የጠየቅናት የሰፈር ሴት መልሱን መቼ ሰማች? በእንግሊዝኛ የተጻፈ፥ በመደርደሪያ የተቀመጠ፥ አቧራ የለበሰ ዕውቀት እርሱም ተወስዶ ያልተመለሰ ነገር ነው። የሕዝቡን ቃል ወሰድን፥ ዲግሪ አወጣንበት፥ ምንም አልመለስንም። ሙዝ ጫኙን የወቀስንበት ሚዛን ይኸው እኛንም መዘነን።

በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩ ተማሪዎች ለማኞች በሾላ ካምፕ ተሰብስበው የተያዙበትን ሁኔታ ተቃውመው በአደባባይ ሲወጡ የጠየቁት ጥያቄ ድህነት ወንጀል ነውን የሚል ነበር። ከተማን ማጽዳት ማለት ድኻን ከዓይን ማራቅ አይደለም ብለው ተነሡ። ዛሬም ከተማን ማስዋብ ማለት ቆሻሻ ለቃሚውን ከዋናው ጐዳና ማባረር እንዳይሆን ነቅተን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው። የሚለቅመው ሰው የዚህ ሥራ ባለሙያ ስለሆነ በስብሰባው ላይ ከፊት ወንበር ሊቀመጥ ይገባዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን፤

1ኛ. ጩኸታችን በሚዛን ይጀመር። ለ30 ቀን ከምግብ አዳራሹና ከመኝታ ቤቱ የሚወጣው ትራፊ፥ ፕላስቲክና ወረቀት በየዓይነቱ ይመዘን፤ ቁጥሩ በየማታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። መዛኞቹ እኛው ተማሪዎች በየተራ እንሁን።

2ኛ. የምግብ ትራፊ፥ ደረቅ ዕቃና የቀረው በሦስት ዕቃ ይለይ። የሚለየው የጣለው ነው፤ ሌላ ሰው በእጁ አይልቀምልን።

3ኛ. ኅብረቱ በሚጠራው ማናቸውም ስብሰባ የታሸገ ውሃ አይቅረብ። እንስራና ብርጭቆ ይበቃናል።

4ኛ. ኮምፖስት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ማኅበራት በሚዛን ተመዝኖ በኪሎ ይከፈላቸው፤ ጓንትና ጫማ ይኑራቸው፤ በጉዳዩ ላይ ስንወያይ እንግዳ ሆነው ሳይሆን ድምፅ ኖሯቸው ይገኙ።

5ኛ. ይህን ጉዳይ የሚመለከት የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በጋምኛ አዘጋጅቶ ጥናቱን ወዳካሄደበት ሰፈር ይውሰድ። መምህራኖቻችን ይህን እንደ ፈተና አካል ቆጥረው እንዲጠይቁን እንለምናለን።

6ኛ. ይህ ወረቀት ራሱ ከተነበበ በኋላ ይመለስ። ጀርባው ለሚቀጥለው እትም ይሆነናል።

«ይህ ሁሉ በጥቂት ተማሪ ይሆናልን?» ለሚለን ሰው አንድ ነገር እናስታውሰዋለን። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚህ ከተማ ወጣቱ በወገኖቹ ሞት ተቈጥቶ ለበቀል ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። በእጃቸው ከሣር በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። ሕዝብ የሚያምነው ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ባየ ጊዜ ይሰማል። ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው መክረው የሚፈርዱ አባቶች ባሉበት አገር ስለ ምንጭና ስለ መሬት የሚሰማን ጠፋ ማለት አንችልም። የጠፋው ከመድረክ ወርዶ ቆሻሻውን በእጁ የሚለይ ምሁር ነው።

ነገ ጧት በላንቴ ሌላ መኪና ይጫናል። የሚሄደውን ማስቀረት አንፈልግም፤ ገበሬው ይሽጥ፥ ከተማውም ይብላ። ነገር ግን ለሚሄደው ሁሉ የሚመለሰውን የሚጠይቅ ሰው በዚህ አገር ይኑር እንላለን። ያ ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከሸማኔ አገር ሆነን ሌላ ሰው አያስተምረን። ሚዛኑ የሚተከለው በጠቅላላ ጉባኤው ማግስት ጧት በምግብ አዳራሹ በር ላይ ነው። ማን እንደሚመጣ እናያለን።

ኅብረታችን ይጽና!